ለአዳም የተጻፈው ኮድ

ሙሉሃብት ላሊበላ ውስጥ ኮምፒውተር እየጠገነ የሚኖር ሰው ነው። ታላቅ ወንድሙ አዳም ዓይኑ የጠፋው የርቀት ትምህርቱን ሊጨርስ አንድ ዓመት ሲቀረው ነበር፤ ሞጁሉን አንብቡልኝ እያለ ሰው ደጅ መጥናት አንገሸገሸው። ሙሉሃብት ለእሱ ሲል የአማርኛ ጽሑፍ ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም ሠራ። ምን ያደርጋል፣ ግማሽ ገጽ ያነብና ቀጥ ይላል።

«ይኸስ ከእኔም የባሰ ሰነፍ ነው» ይል ነበር አዳም እየሳቀ። እያደር ሳቁም ቀረ።

ስሕተቱ ከሙሉሃብት አቅም በላይ ሆነ። ስለዚህ ማንም ወስዶ እንዲያሻሽለው ኮዱን ክፍት አድርጎ ድረ ገጽ ላይ አወጣው፤ «የምታውቁ እርዱኝ» ብሎም ጻፈበት። ሁለት ዓመት ጠበቀ። አዳም በየጠዋቱ «የጻፈልህ አለ?» ይለዋል። አንድም አልነበረም። ሙሉሃብት፣ ሰው ለዓይነ ስውር ምን ገዶት እያለ አገሩን ሁሉ ተቀየመ።

ባለፈው መጋቢት አዳም በሳንባ ምች ሞተ።

ከአርባው በኋላ ሙሉሃብት ገጹን ሊያጠፋው ከፈተ። አንዲት መስመር ዓይኑ ገባች፤ ጎግልን የመሰሉ የፍለጋ ሞተሮች ገጹን ለማንም እንዳያሳዩ የምታዝ፣ ሥራውን በጀመረ ሰሞን በገዛ እጁ የጻፋት። እንደ እሱ ላሊበላ አጠገብ ብልባላ ያደገ ሰው ወተት እንኳ ሳይሸፍን መንገድ አይወጣም፣ ዓይን ይበላዋላ። እሱም ያላለቀ ሥራ አይታይ ብሎ ሸፈነው፤ መግለጡን ግን ረሳ። አድራሻውን በቃሉ ስለሚያውቀው እንደ ሌላው ሰው ፈልጎ ሞክሮት አያውቅም። ያንን ሁሉ ጊዜ የተቀየመው ሰው ሁሉ ምንም አላጠፋም።

መስመሯን ሰረዛት። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ከኮምቦልቻ በድሩ የሚባል ሰው ጻፈለት።

«ወንድሜ፣ እህቴ ሪሃና ማየት አትችልም። እንዲህ ያለ ነገር ስፈልግላት ሦስት ዓመቴ ነው፤ ወላሂ ያንተን ጎግል ላይ ያየሁት ገና ትናንት ነው። የሚቆምበትን ቦታ አስተካክዬ ልኬልሃለሁ፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። አንተስ ለማን ብለህ ሠራኸው? አላህ ያቆይልህ።»

ሙሉሃብት ሱቁን ዘግቶ እስኪወጣለት አለቀሰ። መልሱን ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጀበት። «ለወንድሜ ነው፤ ሪሃናን ሰላም በልልኝ» ብሎ ላከ። መሞቱን ለመጻፍ እጁ እምቢ አለው።