ሰዓዳ የጠየቀችው

ባለፈው ሳምንት ትንሿ ልጄ ከትምህርት ቤት አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። በፈረንሳይኛ የተጻፈ ጥሪ ነው። የየአገሩ ሰው የቤቱን ምግብ ይዞ መጥቶ አብሮ የሚበላበትና የሚቀራረብበት ዝግጅት ሊደረግ ነው። «አባዬ፣ አባቴ አምስት ቋንቋ ይችላል ብዬ ለአስተማሪያችን ነግሬያታለሁ። የምታስተረጉመው አንተ ነህ» አለችኝ፤ ደስ ብሏታል። ወረቀቱን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩና ጅቡቲ ከተማ፣ ሆዳን ሰፈር ካለው ቤታችን ወጥቼ እስከ ባሕሩ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ስመለስ ሚስቴ የት እንደነበርኩ ጠየቀችኝ፤ የሆነ ነገር ብዬ ዋሸኋት።

እንዲህ ባለ ዝግጅት ላይ መጀመሪያ ያስተረጎምኩ ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። የየመን ጦርነት ገና አልተጀመረም። ከድሬዳዋ መጥቼ ካርቲየ 1 በሚባለው ሰፈር በሚገኘው የአጎቴ የጨርቅ ሱቅ እሠራ ነበር። አማርኛና ሶማሊኛ ከሰፈር፣ አረብኛ ከቁርአን ቤት፣ ፈረንሳይኛ ከማታ ትምህርት፣ አፋርኛ ደግሞ ከደንበኞች አፍ ለቃቅሜ ስለነበር ልቤ አብጦ ነበር። አጎቴ ሐጂ ዩስፍ ግን ሰው ፊት ሳይቀር፣ «አምስት ምላስ ይዘህ አንድ ሜትር ጨርቅ መለካት ያቅትሃል፣ አቦ!» እያለ ይቀልድብኛል። እውነቱን ነበር፤ መቀሱን ይዤ ወሬ ማድመጥ እወድ ነበር።

በዚያ ዓመት ካርቲየ 4 ውስጥ ነገር ተበላሽቶ ነበር። ወደ የመን ለመሻገር ከአገር ቤት የሚመጡ ወጣቶች በዝተው በአንድ ክፍል አሥርም አሥራ አምስትም እየሆኑ ያድራሉ። የሰፈሩ ሰው ደግሞ ውኃው ለኛም አልበቃን ይላል። በቧንቧ ወረፋ የተጀመረ ጭቅጭቅ ድንጋይ ወደ መወራወር ደረሰና የአንድ ልጅ ግንባር ተፈነከተ። ማዳም ሀዋ የምትባል አስተማሪ ነበረች፤ ቁመቷ አጭር፣ ድምጿ ግን ሦስት ቤት አልፎ የሚሰማ። ቤት ለቤት እየዞረች ሁሉንም ለመነች፤ አንድ ቀን በትምህርት ቤቱ ግቢ አብረን እንብላና እንየው አለች።

ሁለት ደንብ አወጣች። አንደኛው፣ ማንም ከወገኑ ጋር በአንድ ትሪ አይቀመጥም፤ በር ላይ ቁጥር እየሰጠች ሶማሌውን ከአፋሩ፣ የመናዊውን ከወሎዬው ትቀላቅላለች። ሁለተኛው፣ ጫት ይዞ የመጣ አይገባም። የድሬ ጫት ሰባት ሰዓት ላይ ከገባ በኋላ በዚህ ከተማ ወንድ ልጅን ከተደገፈበት ማስነሳት እንዴት እንደሚከብድ ለሚያውቅ ሰው ይህ የሚያስቅ ደንብ ነው። እኛም ስቀን ነበር። ግን መጡ።

ወሩ የብርዱ ወር ነበር፤ ጅቡቲ ብርድ አለ ከተባለ ማለቴ ነው። ከአስር ሰላት በኋላ ከባሕሩ በኩል ቀለል ያለ ነፋስ ይነፍሳል። ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ የበግ ሥጋ ያለበት ሩዝ በየትሪው ተቆልሎ፣ የመኖቹ ለሁለት ሰንጥቀው በምድጃ ግድግዳ ላይ የጠበሱት በርበሬ የጠጣ ዓሳ፣ የሶማሌዎቹ ሳምቡሳ፣ የኛ ሴቶች የሠሩት ዱለት ሳይቀር ቀርቧል። እኔ ከትሪ ትሪ እየሮጥኩ አስተረጉማለሁ። መንገደኛው ወደ የመን ከሚሳፈርባት ከኦቦክ በኩል የመጣ አባ ሐንፈሬ የሚባል አፋር ሽማግሌ ከፊት ረድፍ ተቀምጦ ነበር። አንድ የወሎ ልጅ ሳያስበው አንድ ትልቅ ጉርሻ ወደ አፉ ሲሰድድለት፣ ሽማግሌው አይኑን አፍጥጦ ቆየና ዋጠው። ግቢው በሳቅ አለቀ። ድንጋይ የተወራወሩት ልጆች ጎን ለጎን ሆነው ሲስቁ አይቻለሁ። እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከምግቡ በኋላ ከየወገኑ አንድ አንድ ሰው በድምፅ ማጉያ እንዲናገር ተባለ። ከመንገደኞቹ ሰዓዳ የምትባል ልጅ ተነሣች። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ከወሎ፣ ከሐይቅ አካባቢ የመጣች፣ የመሻገሪያ ተራዋ እስኪደርስ ሆዳን ውስጥ ሰው ቤት የምትሠራ። አጠገቧ ልቆም ስሄድ ማዳም ሀዋ ክንዴን ያዝ አድርጋ በፈረንሳይኛ፣ «ነጂብ፣ አደራህን፣ ዛሬ ቁስል አንነካም» አለችኝ።

ሰዓዳ ድምፅ ማጉያውን በሁለት እጇ ያዘችው።

«ምግባችሁን በላሁ፣ አላህ ይስጥልኝ። እኔ ግን የመጣሁት ለመብላት አይደለም። ወንድሜ ይማም ባለፈው በጋ በታጁራና በኦቦክ መንገድ በእግሩ ሲሄድ ታሞ ወደቀ። ጓደኞቹ ጥለውት ሄዱ። የግራ ጆሮው ጫፍ ቁራጭ ነው፤ በልጅነቱ ውሻ ነክሶት ነው። የዚያ አገር ሰዎች እዚህ ተቀምጣችኋል። ውኃ የሰጠው አለ? ወይስ እያያችሁ አለፋችሁት? ካለ ንገሩኝ። ከሞተም የተቀበረበትን ንገሩኝ። እናቴ መርዶ ስላልሰማች ለቅሶ አልተቀመጠችም። በር በሩን ነው የምታይ።»

ሁሉም ሰው እኔን አየ። እያያችሁ አለፋችሁት የሚለውን በአፋርኛና በሶማሊኛ ለማለት አፌን ከፈትኩ። የፊተኛውን ረድፍ ሽማግሌዎች አየሁ፣ ልጆቹን አየሁ፣ ማዳም ሀዋን አየሁ። ከዚያም እንዲህ አልኩ፦ «ስለ ምግቡ ታመሰግናለች። መንገድ ላይ ያለ ወንድም አላት፤ በሰላም እንዲደርስ ዱዓ አድርጉልኝ ትላለች።»

ግቢው ሙሉ እጁን ዘረጋ። አባ ሐንፈሬ ራሱ ዱዓውን መራ፤ አሚን የሚለው ድምፅ እስከ አስፋልቱ ተሰማ። አንዳንድ ሴቶች አለቀሱ። ሰዓዳ ግን አልተቀመጠችም። ድምፅ ማጉያውን እንደያዘች ፊታቸውን አንድ በአንድ እያየች መልስ ትጠብቃለች።

«ምን አሉ?» አለችኝ ቀስ ብላ።

«አናውቅም ነው የሚሉት።»

«አንድም ሰው?»

«አንድም።»

ሻሿን አስተካከለችና «ዱዓ ካደረጉም ደግ ናቸው» ብላ ወደ ትሪዋ ተመለሰች።

የመጀመሪያውን ለሰላም ብዬ ነው ማለት እችል ይሆናል። ብዙ ጊዜም ለራሴ እንዲያ ብያለሁ። ሁለተኛውን ግን ማንም አላዘዘኝም። ማዳም ሀዋም ብትሆን አማርኛ አትሰማም። ያ ቀን ያማረው በኔ ምላስ መስሎኝ፣ እንዳይበላሽብኝ ሳስቼ ነው። ሲያልቅ ሰው ሁሉ ማሻአላህ እያለ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። እኔም ኮራሁ፤ ይህን መጻፍ ከሁሉም ይከብደኛል።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ አባ ሐንፈሬ ሱቃችን መጣ። በአረብኛ ነበር ያወራነው።

«ነጭ ጨርቅ ስጠኝ፣ ልጄ። ለአራት ሰው ከፈን የሚሆን።»

«ማን ሞተብዎት?» አልኩ ደንግጬ።

«ገና አልሞቱም። ሙቀቱ ሲመጣ ነው የሚሞቱት። ያገርህ ልጆች ናቸው። መንገድ ላይ ወድቀው እናገኛቸዋለን፤ አጥበን፣ ሰግደንባቸው እንቀብራለን። ባለፈው ጨርቅ አልቆብኝ አንዱን በራሴ ሽርጥ ከፈንኩት።» እኔ መለካት ስጀምር እሱ ቀጠለ። «ያቺ ዱዓ ያስደረገችን ልጅስ፣ ወንድሟ ደረሰላት?»

እጄ ቆመ። «ወንድሟ ጆሮው ጫፉ የተቆረጠ ነው» አልኩ፤ ለምን በዚያ እንደጀመርኩ አላውቅም።

ሽማግሌው ቀና ብሎ አየኝ። «የቱ ጆሮው?»

«ግራው።»

«በሽርጤ የከፈንኩት እሱን ነው» አለ።

ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኩት፤ ያለችውን ቃል በቃል፣ እኔ ያልኩትንም። አልጮኸብኝም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። «ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ነበር እኮ» አለ። «በእጄ ለቀበርኩት ልጅ በሰላም እንዲደርስ ዱዓ አስደረግከኝ።» አጎቴ ከጓዳ ሆኖ ሰምቶ ኖሮ፣ ወጥቶ መቀሱን ከእጄ ወሰደና ጨርቁን ራሱ ለካ። ያን ቀን አልቀለደብኝም።

ሆዳን በሩጫ ስደርስ ትሠራበት የነበረው ቤት እመቤት፣ ሰዓዳ ከሄደች ስምንት ቀን ሆኗታል አለችኝ። በማግስቱ ከሽማግሌው ጋር በጀልባ ኦቦክ ተሻገርኩ። ባሕሩ ዳር ያገኘኋቸው መንገደኞች፣ እሷ ያለችበት ቡድን በሳምንቱ መጀመሪያ ተሻግሯል አሉኝ። አባ ሐንፈሬ ወደ መቃብሩ ወሰደኝ። ጥቁር ድንጋይ ብቻ በሆነ ሜዳ ውስጥ፣ ከደረቀ ወንዝ ዳር፣ በአንዲት ግራር ሥር በድንጋይ የተከበበ መቃብር ነው። እዚያ ቁጭ ብሎ የልጁን መጨረሻ ነገረኝ። እኔም እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

የአባቷን ስም አልጠየቅኳትም ነበር። ሁለት ዓመት ቆይቼ ሐይቅ ሄድኩና በገበያ ቀን ማፈላለግ ጀመርኩ። ጅቡቲ በኩል ይማም የሚባል ልጅ የጠፋባት እናት አለች ወይ ብዬ ጠየቅኩ። አንዲት መጡ፤ የኒያ ልጅ ጆሮ ሙሉ ነበር። ሌላ መጡ። ከዚያ ስሙ ይማም ያልሆነባቸው ሁሉ መምጣት ጀመሩ፤ ሙሐመድስ፣ ከድርስ፣ አሊስ እያሉ ከበቡኝ፤ አንዷ እጄን ይዘው አለቅም አሉ። ፈራሁና በመጀመሪያው መኪና ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ አልሄድኩም። አባ ሐንፈሬም ሞቷል፤ ያ መቃብር የማን እንደሆነ የማውቅ እኔ ብቻ ቀርቻለሁ። አንዳንድ ቀን ሱቅ ውስጥ ሰው እያነጋገርኩ፣ ሰዓዳ ድምፅ ማጉያ ይዛ ፊት ፊታችንን ስታይ ትመጣብኛለች። አሁንም መልሱን እየጠበቀች ነው።

ልጄን ትናንት እሺ አልኳት። ሰው ያለውን እንዳለ ነው የማስተረጉመው፣ ለአስተማሪሽ ንገሪያት አልኳት። ታዲያ ሌላ ምን ልትል ነው ብላ ሳቀችብኝ።

እንግዲህ ሐይቅ አካባቢ መጀመሪያ ይማምን፣ በዓመቱ ሰዓዳን ወደዚህ ባሕር የሸኙ እናት ካሉ፣ የሚያውቃቸውም ሰው ይህን ካነበበ ይንገርልኝ። ይማም ሞቷል። ሽማግሌው ሲደርስበት ነፍሱ አልወጣችም ነበር፤ ራሱን ጭኑ ላይ አድርጎ ውኃ ሰጠው፤ ጠጣ፤ ጠጥቶ ነው የሞተው። እያዩ አላለፉትም። ለቅሶዎን ይቀመጡ፣ እናቴ። ያዘገየሁት እኔ ነኝ።