በኮሎኔሉ መኪና

ወንድምጋሼ በስተርጅናው መኪና አይሳፈርም ነበር። ዝናብ ቢዘንብ፣ ጉልበቱን ቢያመው፣ መንገዱ ቢርቅ፣ በእግሩ ነው። የሰፈር ሰው «ለጫማ ሰፊው አዝኖለት ነው» እያለ ይቀልድበታል፤ እሱም አብሮ ይስቃል። ነገሩን አንድ በአንድ የማውቀው እኔ ስለሆንኩ፣ አፈር ሳይጫነኝ ልጻፈው ብዬ ነው።

ወንድምጋሼ የሠራዊት ሰው ነው፤ ግን ጠመንጃ ይዞ አይቼው አላውቅም። እኔ የደረስኩበት በውስጥ ቁጥጥርና ምርመራ ቢሮ ሲሠራ ነው። ይህ ቢሮ ሠራዊቱ ራሱን የሚጠይቅበት ነው። አለቃ ወታደሩን ሲበድል፣ ስንቅ ሲጎድል፣ ሰው ያለ አግባብ ሲታሰር ወይም ሲሞት፣ ሄዶ የሚያጣራው እሱና መሰሎቹ ናቸው። ወታደሮቹ «ጆሮ» የሚል ስም አውጥተውለት ነበር። «ጆሮ መጣ» ሲባል፣ ደረቱን ገልጦ ይንጎራደድ የነበረው አለቃ ሁሉ የሸሚዙን ቁልፍ ይቆልፋል አሉ።

ባሌ ከሞተ ወዲህ እሱ ቤት ነበርኩ። እሱ ሚስት አላገባም፤ «ማን የሌላውን ሰው ለቅሶ ሰምቶ የመጣ ባል ይፈልጋል?» ይላል። ሲገባ ጫማውን በር ላይ ያወልቃል፣ ቀበቶውን ወንበሩ ላይ ይሰቅላል፣ ከዚያ ወዲያ ስለ ሥራው ቃል አይወጣውም። የሚነግረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቀልድ ስለሚመስለው። ቢሮው የራሱ መኪና የለውም።

«ታዲያ በምን ትሄዳላችሁ?» አልኩት።

«የምንመረምረው አለቃ መኪና ይልክልናል።»

«ሌባ ልትይዙ ከሌባው በቅሎ ትዋሳላችሁ?»

«የበቅሎዋንም ቀለብ የሚችልልን እሱ ነው፣ እታለም።»

ሳቅን። ያኔ ያስቅ ነበር።

የተናገረለት ሰው እንዳይታወቅበት የራሱን ዘዴ አበጅቷል። አንድ የጦር ሰፈር ሲሄድ ሁሉንም ሰው ተራ በተራ ያስገባል፤ የሚናገረውንም የማይናገረውንም እኩል ያቆየዋል። ምንም የማያወራውን ስለ እናቱ ይጠይቀዋል። ስለ እናቱ ወሬ የሚያጣ ወታደር የለም ይለኝ ነበር። እንዲህ ሲሆን ውጭ ቆሞ የሚሰልል ሰው ማን እንደተናገረ፣ ማን እንዳልተናገረ አይለይም። በዚህ ዘዴው ይኮራ ነበር።

አንድ ጠዋት በራችን ተንኳኳ። ክንዱ ላይ የእንጨት ብናኝ የቀረ፣ ፊቱ የጠወለገ ሰው ቆሟል።

«ጆሮ የሚሏቸው ሰውዬ እዚህ ናቸው?»

«ወንድሜ ነው፤ ይግቡ» አልኩት።

አናጢ ነው፤ ሱቁ ወደ ሆስፒታሉ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። የመጀመሪያ ልጁ ወታደር ማሠልጠኛ ገብቶ ሞቶበታል። የነገሩት «ከድቶ ሲሸሽ በውሃ ጥም ሞተ» ብለው ነው። እንዲቀመጥ ብለምነውም አልተቀመጠም።

«ልጄን መልሱልኝ አላልኩም» አለ። «ግን የኔ ልጅ ቢሸሽ ወዴት ይሸሻል? ወደ ቤቱ አይደለም እንዴ? የተገኘው እዚያው መሮጫ ሜዳው ጥግ ነው። አሁን ታናሹን ትምህርት ቤት ‹የከዳተኛው ወንድም› ይሉታል። እናቱ ከቤት መውጣት ትታለች። እርስዎ አጣርተው ‹ሸሽቷል› ካሉኝ አፌን እይዛለሁ። ካልሸሸ ግን ይቺን ቃል ያንሱልኝ። ሌላ የምፈልገው የለኝም።»

«እንደሚሆን ቃል አልሰጥዎትም» አለ ወንድምጋሼ። «መሄዱን ግን እሄዳለሁ።»

የማሠልጠኛው አዛዥ ኮሎኔል መኪናውን ላከ። በራችን ላይ ስትቆም ፊቴን አየሁባት፣ እንዲያ ነው የተወለወለችው። ሾፌሩ ሲበዛ ጨዋ ነው። ቦርሳውን ከእጄ ተቀብሎ «አይጨነቁ እትዬ፣ እንደ እንቁላል ነው የምይዛቸው» አለኝ። መረቅሁት።

እዚያ የሆነውን ወንድምጋሼ የነገረኝ በኋላ ነው። እንደ ልማዱ ሁሉንም አስገባ። አንዱ «አላየሁም» ይላል፣ ሌላው «ታምሜ ተኝቼ ነበር» ይላል። አብዛኛው ስለ እናቱ አውርቶ ወጣ። ወደ መጨረሻው የወጥ ቤቱ አስር አለቃ ገባ። የፈላ ውሃ እግሩ ላይ ተደፍቶበት ያነክሳል። ገና ሳይቀመጥ ተናገረ።

ልጁ ከሩጫ ወደኋላ ስለቀረ፣ ኮሎኔሉ አሸዋ አሸክሞ በጠራራ ፀሐይ አስሮጠው። ሲወድቅ አስር አለቃው አላስችለው ብሎ ውሃ ይዞ ሮጠ። ኮሎኔሉ አስቆመውና «አፍስሰው» አለው፤ እዚያው ልጁ ፊት።

«አፈሰስኩት፣ ጌታዬ» አለ አስር አለቃው። «በገዛ እጄ። ልጁ እርጥቡን አፈር እየዛቀ አፉ ውስጥ ይጨምር ነበር። ከዚያ ወዲህ ውሃ ሲቀዳ መስማት አልችልም፤ ሥራዬ ደግሞ ወጥ ቤት ነው።»

«ይህን አጣሪ ጉባኤ ፊት ትደግመዋለህ?»

«እደግመዋለሁ።»

የቢሮው ደንብ እንዲህ ነው፤ ምስክር ጉባኤው ፊት ቆሞ ካልደገመው፣ ለመርማሪ የተናገረው እንዳልተነገረ ይቆጠራል።

ሥራው አልቆ ወንድምጋሼ ሲመለስ ዝናብ ጣለ። በመኪናው መስኮት ቢያይ፣ ያ አስር አለቃ እግሩን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ በጭቃው እየተጎተተ ወደ ጤና ጣቢያው ይሄዳል። «አቁምለት» አለው ሾፌሩን። አስገቡት። በመንገድ አንድም ቃል አልተነጋገሩም። ሲወርድ ግን አስር አለቃው የወንድምጋሼን እጅ በሁለት እጁ ያዘና አልለቅ አለ። ወንድምጋሼ ቀና ሲል የሾፌሩን ዓይን በመስታወቱ ውስጥ አገኘው።

ያን ሁሉ ሰው እኩል ሲያስቀምጥ ውሎ፣ አንዱን ብቻ መኪና ላይ ጫነው። ያውም በኮሎኔሉ መኪና።

ከተማው ሲደርሱ ሾፌሩ ቦርሳውን እያወረደ «ያ አስር አለቃ እግሩ ይሻለው ይሆን፣ ጌታዬ?» አለው፤ በዚያው በጨዋ አንደበቱ። ወንድምጋሼ ቤት ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ ተቀመጠ። ያን ቀን ነው ሁሉን የነገረኝ።

«ምናልባት ሰውዬው ልብ አላለም ይሆናል» አልኩት።

«ዓይኑን አይቼዋለሁ፣ እታለም።»

የአስር አለቃው ሚስት ጡት ከሚጠባ ልጇ ጋር የምትኖረው እዚያው የጦር ሰፈር ውስጥ ነበር። ጉባኤው ሳይቀመጥ ኮሎኔሉ ራሱ ቤቷ ገባ አሉ። ሕፃኑን አቀፈው፣ «አባቱን ይመስላል» አለ፣ አንገቱን ዳበስ ዳበስ አድርጎ መልሶ ሰጣት። ሌላ ያደረገው ነገር የለም።

ጉባኤው ፊት አስር አለቃው «ወጥ ቤት ነበርኩ፤ ምንም አላየሁም» አለ። ስለ ውሃው ሲጠይቁት «የምን ውሃ?» አለ። ወደ ወንድምጋሼ አልዞረም። ወንድምጋሼም አልፈረደበትም፤ «ቢዞር ነበር የምሞተው» አለኝ።

«ከድቶ ሲሸሽ ሞተ» የሚለው ጸና። ወንድምጋሼ አልፈርምም አለ። የቢሮው ኃላፊ ሳቀበት። «አንተን ጆሮ ነው የሚሉህ። ጆሮ መቼ ፈርሞ ያውቃል? እኛ እንፈርማለን።» ፈረሙ። እሱን ጫማና ብርድ ልብስ የሚከማችበት መጋዘን አዛወሩት፤ ጡረታ የወጣውም ከዚያው ነው።

ለአናጢው ለመንገር በእግሩ ሄደ፤ ብቻውን አልለቀውም ብዬ ተከተልኩት። አናጢው በር እየላገ ነበር። ወንድምጋሼ ኮፍያውን አወለቀ።

«ልጅዎ አልሸሸም። ያየ ሰው ነበር። በኔ ስህተት ነው አፉ የተዘጋው።»

አናጢው መላጊያውን አስቀመጠ። «ያየው ማን ነው?»

«አልነግርዎትም። ልጅ አለው።»

«እኔም ነበረኝ።»

ወንድምጋሼ ኮፍያውን እጁ ውስጥ አዞረው።

«ታዲያ እኔ ምን ይዤ ልውጣ?» አለ አናጢው። «ጎረቤቱን ልሰብስብና ‹ጆሮ ነግሮኛል› ልበል?» መላጊያውን አንስቶ ወደ በሩ ተመለሰ። የእንጨቱ ልጣጭ እየተጠቀለለ ጫማችን ላይ ሲወርድ ትንሽ ቆምንና ሄድን።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እኔ ብዙ አድሬያለሁ፤ ያቺ እውነት ስትጠራ አላየሁም። ኮሎኔሉ ተሹሞ ሄደ። አስር አለቃው የት እንደደረሰ አልሰማንም። ወንድምጋሼ ብቻ ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪና ላይ አልወጣም።

ዓመታት አልፈው ሳንባው ሲታመም ጎረቤቶች ታክሲ አመጡ፤ እምቢ አለ። ክንዱን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ወደ ሆስፒታል ስንሄድ፣ ከአናጢው ሱቅ ፊት ትንፋሹ አልቆ ቆመ። አናጢውም ሸምግሏል። እኛን አየ። ገብቶ በርጩማ አወጣና መንገዱ ዳር አስቀመጠ።

«መኪና ጠፋ?»

«አልጠፋም» አለ ወንድምጋሼ እየተቀመጠ። «በእግሬ ይሻለኛል።»

«ታናሹ ሠራዊት ልግባ ብሎ ተመዘገበ» አለ አናጢው። «በወንድሙ ምክንያት መለሱት። ቢቀበሉትም እኔ አልፈቅድለትም ነበር። ግን መለሱት።»

ወንድምጋሼ ቀና አላለም። ትንፋሹ ሲመለስለት ተነሳን። አናጢው ደህና ሁኑም አላለን፣ በርጩማውንም አላነሳ።

ወንድምጋሼ ከሆስፒታል በሕይወት አልወጣም። ለሬሳው ሠራዊቱ መኪና ላከ፤ ወጉ ነው። ሾፌሩ ወጣት ልጅ ነው፣ ምንም የማያውቅ። መልሰው አልኩት።

«ታዲያ በምን ሊወስዷቸው ነው፣ እማማ?»

«በሰው» አልኩት።

የሰፈር ወንዶች እየተፈራረቁ ተሸከሙት። አናጢው አልነበረበትም። ወደ ሱቁ ስንቃረብ መላጊያው ሲሄድ ይሰማኝ ነበር። የሬሳ ሳጥኑ ሱቁ በር ላይ ሲደርስ የመላጊያው ድምፅ ቆመ። ትንሽ አለፍ ስንል ቀጠለ።