ሦስተኛው ቅጂ

ኑሕ ሱቅ የገባ ሰው ከሰላምታ በፊት ጥያቄ ይጠብቀዋል። «ኮምፒውተርህ በምንድን ነው የሚሠራው?» ይላል። «በመብራት» ብለው የመለሱ ብዙ ናቸው፤ እኔም አንዱ ነኝ። ያን ጊዜ ኑሕ ፈገግ ብሎ ወንበር ይስባል። ወንበር ከሳበ ደግሞ ግማሽ ቀንህ ሄደ ማለት ነው።

ሱቁ ሽሮ ሜዳ ላይ ከእኔ የጋቢና የነጠላ መደብር ጋር ግድግዳ ይጋራል። እሱ ኮምፒውተር ይጠግናል፣ እኔ ጨርቅ እሸጣለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ጎረቤት ስንሆን ስለ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሳልፈልግ የተማርኩት፣ ዊንጌት ትምህርት ቤት ተመላልሼ ፈልጌ ከተማርኩት ይበልጣል። «ኮምፒውተሩ ቤት ነው» ይለኛል። «ሲስተሙ ደግሞ የቤቱ አዛዥ ነው። ማን ይግባ፣ ማን የት ይቀመጥ፣ መብራቱን ማን ያብራ፣ እሱ ነው የሚወስነው። በዊንዶውስ ስትሠራ ተከራይ ነህ። ሊኑክስ ግን የራስህ ጎጆ ነው፤ ጣሪያው ቢያፈስ ራስህ ትወጣለህ እንጂ ውጣ የሚልህ የለም።» ፋይል በኢንተርኔት ስለሚቀመጥበት «ደመና» ሲጠየቅ ደግሞ፣ «እኛ ሰፈር መብራት ሲጠፋ ደመናውም አብሮ ይጠፋል፤ እኔ በደመና የማምነው ሐምሌና ነሐሴ ብቻ ነው» ብሎ ይስቃል።

ወሬው ያሰለቸኛል፤ አልዋሽም። አንድ ነገሩ ግን ሁልጊዜ ያስቆመኛል። ሌላው ሰው ቆሻሻ ውስጥ ሊጥለው የነበረውን አሮጌ ማሽን አራግፎ፣ ሊኑክስ ጭኖ ሲያስነሳው፣ በጥቁሩ ስክሪን ላይ ነጫጭ ፊደሎች እየተግተለተሉ መውጣት ሲጀምሩ፣ ኑሕ እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል። ይህን ሺህ ጊዜ አይቷል። «የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው ተቀባብለው የጻፉት። አንዱ እዚህ ጋ አንድ መስመር፣ ሌላው እዚያ ጋ አንድ መስመር። ለእኔ ለሽሮ ሜዳው ኑሕ ደግሞ በነፃ ደረሰኝ። ሱብሓነላህ!» ይላል፤ ዓይኑ እንባ ያቀርራል። ጎልማሳ ሰው በኮምፒውተር ሲያለቅስ ያየሁት እሱን ብቻ ነው።

ሱቁ ግድግዳ ላይ በትልቁ «አንድ ያላት እንቅልፍ የላት» ብሎ ጽፎ ሰቅሏል። ሕጉ ነው። አንድ ነገር የምትወድ ከሆነ ሦስት ቅጂ ይኑርህ፤ አንደኛው ግን ከሌሎቹ ጋር አብሮ በማይጠፋበት ቦታ ይሁን። «ስምህ ኑሕ ሆኖ ሁለት ሁለት አይበቃህም?» እያልኩ አበሽቀዋለሁ። «መርከቧ ብትሰጥምስ?» ይለኛል።

አባቴ እንድርያስ ሸማኔ ነው። ከጨንቻ ከመጣ ጀምሮ ከሱቄ ጀርባ ባለው ክፍል፣ እግር በሚገባበት የሽመና ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ ሲሸምን ኖሯል። «የቀርከሃ አጥር» የሚባል ጥለት አለው። ከአባቱ የተማረው ነው፤ እኔ እስከማውቀው ድረስ ሌላ የሚሠራው ሰው የለም። ሁለት መቶ አሥራ ስድስት መስመር አለው፣ አንዱ ሌላውን አይደግምም። እኔ አልተማርኩትም። ትምህርት ቤት «ሸማኔ» እያሉ ሲሰድቡኝ ያደግሁ ልጅ ነኝና፣ እግሬን እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ላላስገባ ምዬ ነበር። አባቴ የሸመነውን እሸጣለሁ እንጂ አልሸምንም።

የዛሬ አራት ዓመት አባቴ የዓይን ግፊት ያዘው። ሐኪሙ የጠፋው ብርሃን እንደማይመለስ፣ የቀረውም እንደሚሄድ ነገረን። ይህን የሰማው ኑሕ ላፕቶፑን ይዞ መጣና ጉድጓዱ አጠገብ ተቀመጠ። አባቴ እየሸመነ፣ «ሁለት ዝለል፣ ሦስት አንሣ፣ ቀይ» ይላል፤ ኑሕ በኮምፒውተሩ ሠንጠረዥ ላይ እያንዳንዷን ክር በየሳጥኗ ቀለም ይቀባል። አንድ ወር ፈጀባቸው። ሲጨርሱ ኑሕ አባቴን፣ «ጋሽ እንድርያስ፣ ከእንግዲህ አይጠፋብዎትም» አለው። አባቴም አመነ። በሚቀጥለው ዓመት ዓይኑ ጨርሶ ጨለመና ከጉድጓዱ ወጣ።

አምና ጥቅምት ላይ ኩባንያው ለአሮጌው ዊንዶውስ የሚሰጠው ድጋፍ የሚያበቃበት ሰሞን፣ የኑሕ ሱቅ የሠርግ ቤት መሰለ። ኮምፒውተርህ አርጅቷል የተባለ ሁሉ ታቅፎት ይመጣል፣ ኑሕ ለሁሉም ሊኑክስ ይጭናል፣ ይሰብካል፣ እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል። ከዚያ አንድ ማክሰኞ እኔ ሱቅ በር ላይ መጥቶ ቆመ። ወንበር አልሳበም።

«ብሩኪ፣ የራሴንም ሲስተም ቀየርኩት» አለ።

«መቼ ሳትቀይር ኖረህ ታውቃለህ?»

«እ... ማለቴ፣ አዲሱ ሊኑክስ ወጥቶ ነበር፤ ቸኮልኩ። ሙሉ ዲስኩን ላጥፋው ወይ ሲለኝ፣ አዎ አልኩት። የጋሽ እንድርያስ ጥለት እሱ ላይ ነበር።»

«ሦስት ቅጂ የለህም?»

«ሁለቱ አንድ ዲስክ ላይ ነበሩ። ሦስተኛውን ነገ፣ ነገ ስል...»

ሰደብኩት። እዚህ የማልጽፈውን ስድብ ሰደብኩት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ኑሕ ግን ሦስት ቀን ዲስኩን ሲያስስ ውሎ የሚለቀም እንኳ አላገኘም። አንድ «የቀርከሃ አጥር» ያለበት ጨርቅ ቢገኝ ብዬ መደርደሪያዬን ገለበጥኩ። የለም። ሁሉንም ሸጬዋለሁ። የሸጥኩት እኔ ስለነበርኩ የምሰድበው ሰው አጣሁ።

ለአባቴ የነገረው ራሱ ኑሕ ነው። አባቴ ግድግዳውን ተደግፎ ሰማውና፣ «ማሽኑ ታመመ እንዴ?» አለው።

«ማሽኑ ደህና ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ጋሽ እንድርያስ።»

«ሰው ከሆነስ ይድናል። እንደገና እንጻፈው።»

«ይችላሉ? በቃልዎ ያውቁታል?»

«በቃሌ አላውቀውም» አለ አባቴ። «ጣቴና እግሬ ናቸው የሚያውቁት። አውርዱኝ።»

ደግፈን ጉድጓዱ ውስጥ አስቀመጥነው። ኑሕ በማግስቱ ላፕቶፕ አልያዘም፤ እርሳስና ባለ ሳጥን ደብተር ይዞ መጣ። «ዲጂታሉ ነገር ለጊዜው ይቆየኝ፤ አፍሬያለሁ» አለኝ። አባቴ ድሩን በጣቱ እየቆጠረ ያነሣል፣ የቀለሙን ስም ይጠራል፣ ኑሕ ክሩን እጁ ላይ ያስቀምጥለታል፣ ይጽፋል። እኔ ደንበኛ የምጠብቅ እያስመሰልኩ በሩ ላይ ቆሜ አያለሁ። ማየት የተሳነው ሰው እጅ ስር፣ ጥለቱ ቀስ በቀስ እየወጣ ነበር። በየቀኑ በአጠገቡ ሳልፍ ልብ ብዬ አይቼው የማላውቀው ነገር ነው፤ እግሬ መሬቱን ለቆ መሄድ አቃተው።

ታኅሣሥ ላይ ደብተሩ ሞላ። ኑሕ ተነሥቶ ሊያመሰግን ሲል አባቴ፣ «የጻፍከው ትክክል መሆኑን በምን አወቅህ?» አለው። ኑሕ ደብተሩን መልሶ ገለጠ። «ግባና ሸምነው» አለው አባቴ።

ጠዋት ጠዋት ሱቁን እየዘጋ ገባ። በአንድ ወር ሦስት ሲስተም የሚቀያይረው ሰው፣ አንዲት ክር ለማሳለፍ ሩብ ሰዓት ሲታገል ያየ የሰፈሩ ሰው ሁሉ አሾፈበት። አባቴ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተቀምጦ ያዳምጣል፤ ሌላ ምንም አያደርግም። አንድ ቀን ኑሕ አርባ አንደኛው መስመር ላይ ሲደርስ አባቴ እጁን አነሣ።

«ፍታው።»

«ምነው? ደብተሩ ላይ እንዳለው ነው የሠራሁት።»

«ደብተሩ ተሳስቷል። አንድ ክር ሳይነሣ አልፏል። መምቻው እንጨት ማጉን ሲመታው ድምፁ ወፈረ።»

ኑሕ ፈታው፣ አንድ በአንድ ቆጠረው። ሲጽፍ አንዲት ሳጥን ዘሎ ነበር። ቀና ብሎ አባቴን ብዙ ሰዓት የመሰለኝን ያህል አየው፤ ከዚያ እጁን፣ ክር እንደያዘ፣ ደረቱ ላይ አደረገ። «ሱብሓነላህ» አለ በሹክሹክታ። እኔም አማተብኩ። እኔ ከዚህ ድምፅ በግድግዳ ተለይቼ ነው አርባ ዓመት የኖርኩት፤ ጫጫታ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

እንዲያ ሲያርም ሲያስፈታ መጋቢት ላይ ሁለት መቶ አሥራ ስድስቱ መስመር አለቀ። ኑሕ ኮምፒውተሩ ላይ አስገባው፣ በፍላሽም ቀድቶ እኔ እጅ ላይ አኖረው።

«ሁለት» አለ።

በአባቴ ፊት ላበሽቀው ፈለግሁ። «ግድግዳህ ላይ የሰቀልከው ሕግስ? አብሮ የማይጠፋው ሦስተኛው የታለ?»

ኑሕ አየኝ፣ ከዚያ ወደ አባቴ ዞረ። አባቴ ከድምፄ የት እንደቆምኩ አውቆ ፊቱን ወደ እኔ አደረገና የጉድጓዱን አፋፍ በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

«ጫማህን አውልቅ፣ ብሩኪ።»

አርባ ሁለት ዓመቴ ነው። ሱቅ ውስጥ ሁለት ደንበኞች ይጠብቁኝ ነበር። አወለቅሁና ወረድኩ። የመጀመሪያውን መስመር እንኳ ሳልጨርስ፣ «ፍታው» አለኝ።

ፈታሁት።