አሜን የጠፋበት ምርቃት

ትናንት ጠዋት የስቱዲዮዬን በር ገና ከመክፈቴ ጋሽ ምናለ እሳት ለብሰው እሳት ጎርሰው መጡ። የልጃቸውን ሰርግ እዚሁ ቢቸና የቀረጽኩት እኔ ነኝ። ሙሽራው የሞጣ ልጅ ነው።

ቪዲዮውን ባስረከብኩ ማግስት ስለሆነ ሊያመሰግኑኝ የመጡ መስሎኝ ፈገግ ብዬ ተቀበልኳቸው...

«ልጄን ልመልሳት ሞጣ ልሄድ ነው!» አሉኝ፣ ቁጭ እንኳ ሳይሉ።

«ምን ተፈጠረ ጋሼ?»

«ጎረቤት ሰብስቤ አየሁታ! እኔ ቆሜ ስመርቅ ፊት ለፊቴ ከተቀመጡት ሞጣዎች አንድ ሰው አሜን አይልም። እንደ እብድ ብቻዬን አወራለሁ! እዚያው ላይ አጠፋሁት። ምርቃቴን የናቀ ቤት ልጄን አያከብራትም።»

ክው አልኩ። ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ወዲያው ገብቶኛል... ያ የተረገመ ፕለጊን!

የሰርጉ ቀን መብራት ጠፍቶ ከዳሱ ጀርባ ጀነሬተር ሲያጓራ ነው የዋለው። ቪዲዮውን ሳቀናብር ጆሮ የሚበጥስ ሆነብኝና ፕለጊን የሚሉትን የድምፅ ማጽጃ ፕሮግራም ከኢንተርኔት ላውርድ አልኩ። በሚቆራረጥ ኔትወርክ አንጀቴን አሳርሮ ወረደ። በከፈትኩት ቁጥር ደግሞ ኮምፒውተሬ ድርቅ ይላል። ሥራው ለማይኩ የቀረበውን አንድ ድምፅ አስቀርቶ ሌላውን ጠራርጎ መጣል ነው። የጋሽ ምናለ ድምፅ ጥርት ሲልልኝ በደስታ ሌላውን ልብ አላልኩም። ለካ አሜኑን ከጀነሬተሩ ጋር ጠርጎ ጥሎታል!

ይህን ላስረዳቸው ሞከርኩ።

«ማሽንሽ አሜንና ጀነሬተር መለየት አይችልም?»

«አይችልም ጋሼ። ለእሱ ሁለቱም ጩኸት ነው።»

«ውሸት! ለሞጣዎቹ ልትሸፍኚላቸው ነው!»

ሌሊቱን ሳይተኙ አድረው፣ ገና ሲነጋ ለሙሽራው አባት ለአቶ ጌታሁን ደውለው አፋቸው ላይ የመጣውን ሁሉ ተናግረዋቸዋል። አሁንም ደወሉላቸውና ስልኩን ላውድ አድርገው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት፤ «አቶ ጌታሁን፣ እርስዎም ይስሙ!» ብለው። የአንዲት ልጅ ትዳር በእኔ ኮምፒውተር ሊፈርስ ነው... ፕለጊኑን አጠፋሁና ዋናውን ድምፅ ለቀቅኩት።

ጀነሬተሩ አጓራ። ከእሱ በላይ ግን «አሜን! አሜን! ይሁንልን!» የሚለው ዳሱን ሊያፈርሰው ነው።

የጋሽ ምናለ ፊት በራ። እፎይ ብዬ ላቆመው ስል እጄን ያዙኝ።

«ተዪው፣ ይቀጥል።»

ቀጠለ። የአቶ ጌታሁን ምርቃት መጣ። «ውለዱ፣ ክበዱ...» ይላሉ፤ ሕዝቡም አሜን ይላል። ከአሜኖቹ መሃል ግን አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው ሲያጉረመርም ተሰማ፦

«ይህ ሰውዬ አይጨርስም እንዴ? ወጡ ቀዘቀዘ እኮ!»

የጋሽ ምናለ ድምፅ ነው። አንድም አሜን ከአፋቸው አልወጣም።

ቪዲዮውን አቆምኩት። እሳቸው መሬት መሬት ያያሉ። ከስልኩ ውስጥ አቶ ጌታሁን ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እውነትዎን ነው... ወጡስ ቀዝቅዞ ነበር» አሉ።

ጋሽ ምናለ ጋቢያቸውን አስተካክለው ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ።

«አሜን! አሜን ብያለሁ አቶ ጌታሁን! ልጄን አደራ!» ብለው ጮኹ። ድምፃቸው ሲሰበር እኔም ሳቄና እንባዬ አንድ ላይ መጣብኝ።

ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ዞር ብለው ሹክ አሉኝ።

«ልጄ፣ ያን ማጥፊያሽን... እኔ ላይ ብቻ አድርጊው። አሜኑን እንዳትነኪ!»

ቀኑን ሙሉ ስታገል ዋልኩ። ጉርምርምታው ሲጠፋ አሜኑም አብሮ ይጠፋል፤ አሜኑ ሲመለስ ወጡም ይመለሳል። ኮምፒውተሩም እንደ ልማዱ ደረቀብኝ። ተቃጠልኩ!

የጋሽ ምናለን አፍ የሚችል ፕለጊን ገና አልተሠራም... ለሚቀጥለው ሰርግ ያለው መፍትሔ ምሳቸውን ቀድሞ ማብላት ነው።