ሳይዳስስ የማይፈርደው አጎቴ

አጎቴን ባለፈው ሳምንት ቀበርነው። ስለ ደግነቱ ሌሎች ተናግረዋል፤ እኔ ስለ ጣቶቹ ልናገር። የበሬውን ጆሮ፣ የሕፃኑን ግንባር ሳይዳስስ «ታሟል» አይልም ነበር።

በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተን ፓዌ ስንሰፍር፣ የበለስን ወንዝ የምታሻግረውን ጀልባ የምነዳው እኔ ነበርኩ። ማንም ሳያስተምረኝ ሞተር ፈትቼ የምገጥም ሰው ነኝ፤ ዛሬም የሚስተካከለኝ የለም። አንድ ክረምት ምጥ የያዛትን እህቴን ከአጎቴ ጋር ወደ ክሊኒክ ስናሻግር፣ ሞተሩ ወንዙ መሐል ላይ ጠፋ። ቁልፉን ሳዞር «ጠቅ» ብቻ ይላል። ደራሹ ጎርፍ ዳር ወዳለው ቋጥኝ ይገፋናል፤ እህቴ ትጮኻለች።

«ባትሪው ሞቷል!» አልኩ።

«ሳትዳስሰው ገደልከው? በል አንዴ አዙር!» አለኝ አጎቴ።

ሳዞር እሱ ሽቦዎቹ ባትሪው ላይ የታሰሩበትን ቦታ አንድ በአንድ ነካ። «ይኼኛው ያቃጥላል። የላላው እዚህ ነው።» ፈታው፤ የጋገረበትን ነጭ ዝገት በካራው ፋቀ፤ መልሶ አጠበቀው። እጃችን ቋጥኙን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ቁልፉን አዞርኩ፤ ሞተሩ ተነሣ።

የማላውቀው ነገር እንዳለ ያመንኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ያን ቀን የተወለደችው ልጅ አሁን ልጆቿን ይዛ ለቀብሩ መጥታ ነበር።

ትናንት የቤቴ የሶላር መብራት እምቢ አለ። «ባትሪው ሞቷል» ልል አፌን ከፍቼ፣ ጥግ ያለውን የአጎቴን ወንበር አየሁ። የሚሰድበኝ የለም። ተንበርክኬ ሽቦውን ዳሰስኩ።