አድራሻው የተቀየረ ዕለት

ሰው ፊት ቆሞ መናገር ከልጅነቴ ጀምሮ ያስፈራኛል። ክፍል ውስጥ ስሜ ሲጠራ “አቤት” ማለት እንኳ ያቅተኝ ነበር። ድረ ገጽ መሥራት የወደድኩት ለዚህ ይመስለኛል። ፒያሳ ውስጥ አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ የተከራየኋት ጠባብ ክፍል አለችኝ፤ በሯን ዘግቼ ስሠራ እውላለሁ። ሥራዬን የማላውቀው ሰው ሁሉ ያየዋል፣ እኔን ግን ማንም አያየኝም።

ኮንፈረንስ ላይም ቦታዬ የኋላ ወንበር ነበር። ባጄን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ እገባለሁ፣ ሌሎች ሲናገሩ እሰማለሁ፣ የሻይ ሰዓት ሲደርስ ሳምቡሳዬን ይዤ ግድግዳ እደገፋለሁ። ታዲያ የድረ ገጽ ባለሙያዎችን ኮንፈረንስ የሚያዘጋጁት ልጆች ደውለው “ዘንድሮ አንቺ መድረክ ላይ ትወጫለሽ” ሲሉኝ፣ አስብበታለሁ ብዬ ስልኩን ዘጋሁና ውሃ ጠጣሁ። እሺ ያልኳቸው ብዙ ካመነታሁ በኋላ ነው፤ ያውም የምናገረው ጥሩ ነገር ስለነበረኝ። ነገሩ የአንድ ወርቅ ሠሪ ጉዳይ ነው።

ጋሼ ነው የምላቸው። ወሎ ተወልደው፣ በልጅነታቸው ከአባታቸው ጋር መጥተው፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ ፒያሳ ላይ ወርቅ ሲያቀልጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ሱቃቸው የነበረበት ሕንፃ ሲፈርስ፣ ወደ ጊዮርጊስ በሚወስደው መንገድ አንድ ፎቅ ላይ ትንሽ ክፍል አገኙ። የድሮ ደንበኞቻቸው ግን እሳቸውን አላገኟቸውም። እናቶች የራሳቸውን ሀብል ለልጃቸው ሠርግ እንደ አዲስ ሊያሠሩ ይመጡና የፈረሰው ቦታ ላይ ቆም ብለው፣ ግራ ቀኙን አይተው ይመለሳሉ።

“ሰዉ ሞቷል ብሎ ሳይቀብረኝ አንድ ነገር አድርጊ እንጂ” አሉኝ አንድ ቀን እየሳቁ።

ድረ ገጽ ሠራሁላቸው። ቀለበቶቻቸውንና አምባሮቻቸውን ራሴ ፎቶ አነሳሁ፤ አዲሱን አድራሻና ስልካቸውን ከሥር አስገባሁ። እኔን ሳይጠብቁ ገብተው ፎቶና ጽሑፍ የሚቀያይሩበት ማስተዳደሪያም አበጀሁላቸው። ፓስዎርድ የሚባል ነገር አይያዝልኝም ስላሉ፣ መግባት ሲፈልጉ ስልካቸው ላይ ኮድ ይላክላቸዋል፤ እሱን ሲያስገቡ ይከፈትላቸዋል። መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው፣ በአንድ ጣት ፊደል እየለቀሙ ለመዱት። ብዙም ሳይቆይ የድሮ ደንበኞቻቸው አንድ በአንድ ተመለሱ። ኮንፈረንሱ ላይ ልናገር የተዘጋጀሁት ይህንኑ ነበር። አዘጋጆቹም ፎቶዬንና ስሜን ከወርቅ ቤቱ ስም ጋር አድርገው ማስታወቂያውን በየገጹ ለጠፉት።

አዳራሹ ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት ከፒያሳ ቁልቁል በእግሬ ወረድኩ፤ ታክሲ ብይዝ ቶሎ እደርሳለሁ ብዬ ፈርቼ። ተራዬ ደርሶ መድረኩ ላይ ስወጣ ማይኩን በሁለት እጄ ጨብጬ ያዝኩት። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠች አንዲት ሴት ፈገግ አለችልኝ፤ እሷን ብቻ እያየሁ ጀመርኩ። ስለፈረሰው ሕንፃ፣ ስለጠፉት ደንበኞች ተናገርኩ። ድምፄ ቀስ በቀስ እየተስተካከለልኝ ሄደ። ይኼን ያህል የምፈራው ይህንን ነው እንዴ ማለት ጀምሬ ነበር።

“እንግዲህ ድረ ገጹን ራሱን ላሳያችሁ” ብዬ ከፈትኩት።

ከኋላዬ ባለው ትልቅ ሸራ ላይ ወጣ። ዞር ብዬ አየሁት። ፎቶዎቹ በቦታቸው ናቸው። ከሥር ያለው አድራሻ ግን እኔ የጻፍኩት አይደለም። “አትክልት ተራ ጀርባ፣ ከሽንኩርት መጋዘኑ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ። ሲደርሱ በዚህ ስልክ ይደውሉ” ይላል። ስልኩም የጋሼ ስልክ አይደለም።

የተሳሳተ ገጽ የከፈትኩ መስሎኝ እንደገና አየሁት። ያው ነው። ባር ባር አለኝ። ወደ ጋሼ የሚመጡት ሴቶች እነማን እንደሆኑ አውቃለሁ፤ ያላቸውን ወርቅ በመሐረብ ቋጥረው፣ ቦርሳቸውን ብብታቸው ሥር አጥብቀው ይዘው የሚመጡ ናቸው። አሁን የማላውቀው ሰው በእኔ ገጽ በኩል ወደ ሌላ ፎቅ እየጠራቸው ነው።

“ይቅርታ” አልኩ። ከዚያ ሌላ ቃል ከአፌ አልወጣም። ማይኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ወረድኩ። ከኋላ በኩል አንድ ሰው ሲስቅ ሰማሁ።

ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ደወልኩላቸው።

“ጋሼ፣ ድረ ገጹ ላይ አድራሻዎን ቀይረዋል እንዴ?”

“እኔ? ወላሂ ከነካሁት ሰንብቻለሁ። ትናንት አንቺ የላክሽው ልጅ ነው የነካካው።”

“እኔ ማንንም አልላክሁም።”

 በስልኩ ይሰማኝ የነበረው የወናፋቸው ድምፅ ቆመ።

“ስምሽን ጠርቶ ነው የደወለልኝ” አሉ። ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። “‘እሷ ለኮንፈረንስ እየተዘጋጀች ስለሆነ ሥራውን ለእኔ ሰጥታኛለች፤ አሁን ስልክዎ ላይ የሚገባውን ኮድ ይንገሩኝ’ አለኝ። ትሑት ልጅ ነው። ነገርኩት።”

 “ዛሬ የሚመጣ ሰው ነበረዎት?”

“የአንዲት የድሮ ደንበኛዬ ልጅ ትመጣለች ተብዬ ነበር። የእናቷን አምባር ይዛ ነው የወጣችው። እናቷ አሁን ደውላ ‘ደረሰች ወይ?’ ብላኛለች። አልደረሰችም።”

“እናቷን ይጠይቁልኝ፤ ልጅቷ አድራሻውን ከየት ነው ያገኘችው?”

እሳቸው እስኪደውሉ ድረስ በስልኬ ገብቼ ድረ ገጹን ዘጋሁት።  ጋሼ መልሰው ደወሉ።

“ከድረ ገጹ ነው ያገኘችው፤ ‘አትክልት ተራ ጀርባ’ ይላል አለችኝ። ስልኳ ደግሞ ዝግ ነው። እኔ ወደ አትክልት ተራ እየወረድኩ ነው።”

“ጋሼ፣ ብቻዎን እንዳይገቡ! መጣሁ።”

ያንን ዳገት እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። መኪናው ሁሉ ተጨናንቆ ቆሟል፤ ወያላዎቹ ይጮኻሉ፤ እኔ በመሐል በመሐል እየተሹለከለክሁ እሮጣለሁ። ቦርሳ የያዘች ወጣት ሴት ባየሁ ቁጥር እሷ በሆነች እላለሁ። ፊቷን አይቻት እንደማላውቅ ትዝ ሲለኝ ደግሞ ፍርሃቴ ይብሳል፤ በአጠገቤ ብታልፍስ በምን አውቃታለሁ?

ጋሼ የሥራ ሽርጣቸውን ሳያወልቁ መንገዱ ዳር ቆመው አገኘኋቸው። አድራሻው ላይ የተጻፈው ሕንፃ ገና ያልተለሰነ፣ ከሥሩ የሽንኩርት መጋዘን ያለበት ነው። ወዛደሮች ጆንያ ተሸክመው ይወጣሉ ይገባሉ። በሩ ላይ ነጭ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ተቀምጣለች።

“ሦስተኛ ፎቅ ወርቅ ቤት አለ እንዴ?” አልኳት።

“ወርቅ ቤት?” አለችና ሳቀች። “ላይኛው ባዶ ነው እህቴ። ከሰሞኑ ግን አንድ ልጅ ሲወጣ ሲወርድ አያለሁ።”

ደረጃው መብራት የለውም። ጋሼ ከፊቴ ሆነው እየወጡ ሲያንሾካሹኩ እሰማለሁ፤ ዱዓ እያደረጉ ነው። እጥፋቱ ላይ ቆም ብለው “አብሽሪ” አሉኝ። ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝ።  ከላይ አንድ ሰው ድምፅ ቢያሰማ ወደ ታች የምንደረደር ይመስለኛል።

ሦስተኛው ፎቅ ላይ አንድ በር ብቻ ገርበብ ብሏል። ጋሼ በእግራቸው ገፋ አደረጉት። ውስጡ ማንም የለም። አንድ ጠረጴዛ፣ ፊትና ኋላ የተቀመጡ ሁለት የፕላስቲክ ወንበሮች፣ ጠረጴዛው ላይ የወርቅ ሚዛን። ግድግዳው ላይ ፎቶዎች ተለጥፈዋል። ቀረብ ብዬ ሳያቸው የጋሼ ቀለበቶች ናቸው፤ እኔ ራሴ መስኮታቸው አጠገብ ነጭ ጨርቅ አንጥፌ ያነሳኋቸው። ከድረ ገጹ ላይ ወስዶ አሳትሟቸዋል። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሰውየው ለእኔ ስልክና ኮድ ነበር። ያን ጊዜ ግን እጅ እንዳለው፣ እዚያ ቆሞ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እያስተካከለ እንደለጠፈ ታየኝ።

“የልጅቷ ነገር የለም?” አሉ ጋሼ ወለሉን እያዩ። ምን ለማግኘት እንደፈሩ ገባኝ። እኔም ያንኑ እየፈራሁ ጥጋጥጉን አየሁ። ምንም የለም።

ደረጃውን ስንወርድ ስልካቸው ጮኸ። እናትየው ናት። ጋሼ ቆመው አዳመጡ። “አልሐምዱሊላህ” አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ “ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ተቀምጣለች። ከአስተናጋጁ ስልክ ነው ለእናቷ የደወለችው” አሉኝ።

ስንደርስ ልጅቷ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ተቀምጣለች። ማኪያቶዋ ሳይነካ ቀዝቅዟል። ጋሼን በልጅነቷ ስለምታውቃቸው ገና ከበሩ ሲገቡ ተነስታ ማልቀስ ጀመረች።

“ልጃቸው ነኝ አለኝ” አለች ትንሽ ስትረጋጋ። “ጨዋ ነው፤ ሻይ ልዘዝልሽ ሁሉ ብሎኛል። ‘አባቴ አሁን ይመጣሉ፣ አንቺ አምባሩን አሳዪኝና ልመዝነው’ አለኝ። እኔ ግን ክፍሉን ሳየው እሳት የለም፣ መዶሻ የለም፣ የሚሸት ነገር የለም። የጋሼ ቤት ትንሽ ሆኜ ስገባ ዓይኔን ያቃጥለኝ ነበር። ፈራሁ። አምባሩን መኪና ውስጥ ረስቼዋለሁ አልኩትና ወረድኩ። መኪናም የለኝ። ከኋላዬ ደረጃው ላይ ኮቴ ሰማሁ፤ ሮጥኩ። ከዚያ ስልኬ መጥራቱን አላቆመም። ዘጋሁት።”

“ሌላስ ምን አለሽ?” አልኳት።

አየችኝ። “እንዳምነው መሰለኝ፤ ‘ድረ ገጻችንን የሠራችው ልጅ አሁን በዚህች ሰዓት ኮንፈረንስ ላይ ስለ እኛ እየተናገረች ነው’ አለኝ። ስልኩ ላይ ፎቶዋን አሳየኝ። አንቺ ነሽ።”

አዘጋጆቹ የለጠፉት ያ ፎቶዬ ነበር።

ፖሊስ ጣቢያ ሦስታችንም ሄደን ቃላችንን ሰጠን። ፖሊሶቹ ወደ ክፍሉ ሄዱ፤ ሚዛኑንና ፎቶዎቹን ወሰዱ። ገጹ ላይ የነበረው የሰውየው ስልክ ከዚያ በኋላ ጠርቶ አያውቅም፤ ሰውየውም እስከ ዛሬ አልተገኘም። ጋሼ አምባሩን ለልጅቷ ሁለት ቀጫጭን አምባር አድርገው ሠሩላት፤ አንዱን እናቷ ታደርገዋለች። ድረ ገጹን መልሼ የከፈትኩት ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው። ጋሼ ኮድ ለማንም፣ ለእኔም ቢሆን፣ በስልክ እንዳይሰጡ ተነጋገርን። እኔ ግን ሥራ ከመጀመሬ በፊት የሁሉንም ደንበኞቼን ገጽ ከሥር እስከ ላይ ሳላይ ቁርስ አይወርድልኝም። መንገድ ላይ አንድ ሰው ትኩር ብሎ ካየኝ እሻገራለሁ።

በዓመቱ አዘጋጆቹ እንደገና ደወሉ። ፎቶዬም የደንበኞቼም ስም የትም እንዳይለጠፍ ብዬ፣ ስለዚያች ቀን ልናገርላቸው እሺ አልኩ። መድረኩ ላይ ስቆም ማይኩ አልነበረም ያስፈራኝ። ከፊቴ በየወንበሩ የተቀመጡትን ፊቶች እያየሁ፣ ከእነዚህ አንዱ ቢሆንስ እላለሁ። ጨዋ፣ ትሑት፣ ሻይ የሚያዝ። እንደዚያም ሆኖ እስከ መጨረሻው ተናገርኩ።

ስወርድ አንድ ወጣት እጁን ዘረጋልኝ። በጣም እንደነካው ነገረኝና፣ “እናቴ ቀለበት ማሠራት ትፈልጋለች። ወርቅ ሠሪው አሁን የት ናቸው?” አለኝ። ፊቱ ላይ ክፉ ነገር አላየሁም። ምናልባት እናቱ በእውነት ቀለበት ትፈልግ ይሆናል።

“አላውቅም” አልኩት።

በማግስቱ ለጋሼ ነገርኳቸው። ደንበኛ አባረርኩብዎት መሰለኝ አልኳቸው። መዶሻቸውን አስቀመጡ።

“ደግ አደረግሽ” አሉኝ። አልሳቁም።