ኦዜላና የአባቷ ጆሮ

ኦዜላ ታርፕሊ የተወለደችው ያዙ በሚባል ወንዝ ዳር፣ ዓይን እስኪደክም ጥጥ ብቻ በሚታይበት እርሻ ላይ ነው። አባቷ ሆዚያ በበቅሎ የሚያርሱ ሰው ነበሩ። ጎህ ሳይቀድ በቅሎዎቹን ይዘው ሲወጡ አንዲት ቃል ከጉሮሯቸው ሥር አንስተው ወደ ላይ ይለቋታል፤ ከዚያ ሰበር አድርገው ቀስ ብለው ያወርዷታል። ከማዶ ሌላ አራሽ ይቀበላቸዋል። ኦዜላ ከአባቷ መልክ አስቀድማ ያወቀችው ድምፃቸውን ይመስላታል፤ ሲወጡም ሲገቡም ተኝታ ነው የሚያገኟት።

የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሆዚያ የመጥረጊያውን ማሰሪያ ሽቦ ፈተው የቤቱ የውጭ ግድግዳ ላይ በሁለት ሚስማር ወጠሩት። ሽቦው ከሳንቃው ራቅ እንዲል ባዶ የመድኃኒት ጠርሙስ ከሥሩ ወተፉበት። ሌላ ጠርሙስ በግራ እጃቸው ይዘው እያንሸራተቱ በቀኛቸው ሲመቱት፣ ግድግዳው እንዳለ አለቀሰ።

እናቷ ሉቬኒያ ብቅ አሉ። «መጥረጊያዬን ማን ነው ያፈረሰው?»

«ነፋስ ነው» አሉ ሆዚያ፣ እጃቸውን ሳያነሱ።

«እንግዲያው ነፋሱ ቤቱን ይጥረግልኝ። እራትህንም እሱ ይሥራልህ።»

ከዚያን ቀን ወዲያ ኦዜላን ከግድግዳው የሚያላቅቃት ጠፋ። ዐሥራ አራት ዓመት ሲሞላት ሆዚያ አንዲት አሳማ ሰጥተው ጀርባው የተሰነጠቀ ጊታር ለውጠው መጡ። ኦዜላ ክሮቹ በጣት ሳይያዙ ሲመቱ ስድስቱም የሚስማሙበት ቅኝት አበጀችለት፤ የጠርሙስ አንገት ትንሿ ጣቷ ላይ ሰክታ፣ ያንኑ የግድግዳውን ልቅሶ ጊታሩ ላይ አመጣችው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሚስ ካሊ የምትባል ባልቴት ግቢ ውስጥ አምባዛ ዓሣ ይጠበሳል። ኦዜላ ከቀትር ጀምራ ዛፉ ሥር ተቀምጣ ትጫወታለች። ሴት ጊታር ስትይዝ ማየት ለወንዶቹ አዲስ ነበርና ሳይተርቡ አያልፉም።

«አንቺ ኦዜላ፣ ጊታር ነው የሚጮኸው ወይስ ድመት ረግጠሽ ነው?»

«ድመቷ አንተን አይታ ነው። ይልቅ እግርህን አንሳና ጨፍር።»

እነሱም ይጨፍራሉ። እሷም ትዘፍናለች፤ አንዱን ስንኝ ሁለቴ ብላ በሦስተኛው ትመልሰዋለች፣ ብሉዝ የሚሉት ዘፈን እንዲህ ነውና፦

«በቅሎዬ ወደ ቤት ዞረች፣ እኔን ግን ቤቴ ጠፋኝ፣
አልኩ፣ በቅሎዬ ወደ ቤት ዞረች፣ እኔን ግን ቤቴ ጠፋኝ፤
መንገዱን እሷ ካወቀች፣ ምነው ሳትጠራኝ።»

ወንዙ ሞልቶ እርሻውን ሁሉ ያጥለቀለቀው ታላቁ ጎርፍ በመጣ በሁለተኛው ዓመት፣ ለሸክላ ዘፋኝ የሚፈልግ ሰውዬ በአቅራቢያቸው ወዳለችው ከተማ መጣ። የኦዜላን ጊታር ሰምቶ በባቡር ወደ ሜምፊስ ከተማ ወሰዳት። ግድግዳው በብርድ ልብስ በተሸፈነ ክፍል ውስጥ ሁለት ዘፈን አስቀረፃት፣ መለሳት። ሸክላው ሲመጣ ግን የተጻፈበት ስም «ኦዝል ታርፕሊ» ነበር፤ የወንድ ስም። ጎረቤቱ ሁሉ ግራማፎን ያለው ሰው ቤት ተሰበሰበ።

«ይሄ ማን ነው?» አሉ ሉቬኒያ። «ድምፁ የኔን ልጅ ይመስላል።»

«እኔ ነኝ እማዬ።»

«አንቺማ እዚሁ ተቀምጠሽ!»

ሆዚያ ጆሯቸውን ወደ ግራማፎኑ አስጠግተው ሰባት ጊዜ አስደገሙት። ኦዜላ ስሟ በመበላሸቱ እንደከፋት አይተው፣ «ስምሽን ነው ያበላሹት» አሏት፣ «እጅሽን አልነኩትም።»

ከዚያ የችግር ዘመን መጣና ሸክላ የሚገዛ ጠፋ። ሰውዬውም በዚያው ቀረ። ኦዜላ ወደ ጥጥ ለቀማዋ ተመለሰች።

ጊታር ያስተማረችው ታናሽ ወንድሟ ሩፈስ ግን በባቡር ወደ ሰሜን፣ ወደ ቺካጎ ሄደ። ቀን ሥጋ ፋብሪካ ይሠራል፣ ቅዳሜና እሑድ መጠጥ ቤት ይጫወታል። «እዚህ ጫጫታው ሌላ ነው» ብሎ ጻፈላት። «የእጅሽን ጊታር ራስሽም አትሰሚውም። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ገዛሁ።» ኦዜላ ደብዳቤውን አንብባ ሳቀች።

ሉቬኒያ ሞቱ። ሆዚያም እያረጁ ሲሄዱ ጆሯቸው ደከመ፤ የሰው ከንፈር እያዩ የሚያወሩ ሆኑ። ኦዜላ ደጅ ተቀምጣ ስትጫወት ጣቷን እያዩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ግን ምቱ ካለፈ በኋላ ነው። ያን ማየት አልቻለችም። ጊታሩን አልጋ ሥር ከተተችው፤ አራት ዓመት ሙሉ እዚያው ተኛ።

ቤታቸው መብራት በገባ በዓመቱ፣ ነሐሴ ላይ፣ ሩፈስ ጊታሩንና አንድ ትልቅ የድምፅ ማጉያ ሣጥን መኪና ላይ ጭኖ መጣ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ምሳ ተበልቶ፣ ሣጥኑን መብራቱ ላይ ሰካው።

«እትዬ፣ እስቲ ስሚኝ።»

ገና ሲመታው የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ፤ ዶሮዎቹ በምሰሶ ላይ ከቆመው ቤት ሥር ገቡ።

«ይሄ ጊታር ነው ባቡር?» አለች ኦዜላ።

«ቺካጎ ባቡር ካልሆንሽ ማንም አይሰማሽም።»

«የኔ ጆሮ ደህና ነው፣ ወንድሜ። ቀንስልኝ።»

በር አጠገብ የተቀመጡት ሆዚያ ያን ጊዜ ቀና አሉ። «ማን ነው የሚጫወተው?»

ሩፈስ ድምፁን ሊቀንስ የዘረጋውን እጅ ሰበሰበ። ሽማግሌው በምርኩዛቸው ተነሥተው መጡና መዳፋቸውን ሣጥኑ ላይ አሳረፉ። «ድገመው።»

ሩፈስ ደገመው። ሆዚያ ጥቂት አዳምጠው፣ «ጎበዝ ነህ። አሁን ለኦዜላ ስጣት» አሉ።

ኦዜላ ተቀበለችው። ሩፈስ በጠርሙስ አንገት ፈንታ የሚጠቀምበትን የብረት ቱቦ ትንሿ ጣቷ ላይ ሰካችና የበቅሎዋን ዘፈን ጀመረች። መጀመሪያ ድምፁ ከእጇ አምልጦ የሚሮጥ መሰላት፤ ወዲያው ያዘችው። ሆዚያ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ጣቷን እያዩ አልነበረም።

«ሁለተኛው ክር ረግቧል» አሉ።

ሩፈስ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ኦዜላ ክሩን ወጥራ ቀጠለች፤ እንባዋን በእጅጌዋ ለመጥረግ እንኳ አላቆመችም።

ሐሙስ ዕለት ሩፈስ ሲሄድ መኪናው ባዶ ነበር።

«ምን ልትጫወት ነው?» አለችው።

«እዚያ ጊታር ሞልቷል፣ እትዬ። አበድረኝ የምለው ሰው አላጣም።»

ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ከእራት በፊት፣ ኦዜላ ለአባቷ ተጫወተች። እሳቸውም ሳያርሟት የዋሉበት ቀን የለም፤ ፈጠንሽ፣ እዚህ ላይ አትቸኩይ፣ ያንን እስቲ አልቅሺው። ጥጡ አበባ ሲያወጣ አንድ ማለዳ በእንቅልፋቸው አረፉ።

ኦዜላ ከዚያ በኋላም ቅዳሜ ቅዳሜ ትጫወት ነበር፤ ሩቅ አገር ድረስም ጠርተዋት ታውቃለች። ሰው አጨብጭቦላት ስትመለስ ግን ልቧ የሚሄደው ከአባቷ ጋር ወዳሳለፈቻቸው ወደነዚያ ምሽቶች ነው። «ጥሩ ነሽ የሚለኝ ሞልቷል» ትል ነበር ለጎረቤቷ፣ ደጃፍ ላይ ባቄላ እየፈለፈሉ። «ክርሽ ረግቧል የሚለኝ ነው ያጣሁት።»